ለዌብኮሚክ ሳይት ሆስቲንግና መሣሪያ ምረጡልን (ከደብረ ብርሃን)

የጣርማበር_ወያላ (ደብረ ብርሃን)

ሰላም የዚህ ቤት ሰዎች፣ እንዴት ከረማችሁ።

ነገሩ ወዲህ ነው። እኔና ታናሽ እህቴ ዌብኮሚክ (በኢንተርኔት የሚነበብ የሥዕል ታሪክ) እየሠራን ነው። ጽሑፉ የእኔ፣ ሥዕሉ የእሷ። ከደብረ ብርሃን ደብረ ሲና የሚመላለስ አንድ ሚኒባስ አለ። ወያላው ጣርማበር ላይ፣ ጉሙ መንገዱን ሲሸፍነው፣ ዳር ቆመው የሚጠብቁ ሰዎችን ይጭናል። ዋሻውን አልፈው ቁልቁለቱን ሲጀምሩ ሒሳብ ይጠይቃል። አንዱ ተሳፋሪ ጠገራ ብር አውጥቶ ይሰጠዋል። ከዚህ በላይ አልናገርም፣ ሲወጣ ታነቡታላችሁ።

የመጀመሪያው ምዕራፍ አልቋል። ከዚያ ወዲያ በሳምንት ሁለት ገጽ ልንለቅ አስበናል። የተቸገርነው ሳይቱ ላይ ነው፤ በምን እንሥራው፣ ፋይሎቹስ ኢንተርኔት ላይ የት ይቀመጡ (ሆስቲንግ የሚሉት)። አንዱ ዎርድፕረስ ይለኛል፣ አንዱ ብሎገር፣ አንዱ ደግሞ ኮድ ካልጻፍክ ሳይት አይባልም ይላል። ያለን አንድ ያረጀ ላፕቶፕ፣ እህቴ አይቢስ ፔይንት በሚባል የሥዕል አፕ የምትሥልበት ታብሌት እና የሞባይል ዳታ ነው። የዶላር ካርድ የለንም። አንባቢዎቻችን ከሞላ ጎደል ሁሉም በስልክ የሚያነቡ ናቸው።

ምን ትላላችሁ?

ብርድ_ልብስ (ጠባሴ)

ወንድሜ፣ ምን ሳይት ትላለህ? ቴሌግራም ቻናል ክፈት፣ ገላገልከው። ሆስቲንግ የለ፣ ዶሜይን (የሳይት አድራሻ) የለ፣ ማሳደስ የለ። የኛ ሰው ከቴሌግራም ወጥቶ ሊንክ የሚነካው የፈተና ውጤት ሲለቀቅ ብቻ ነው።

ጓሳ_ጭላዳ (መሐል ሜዳ)

ብርድ ልብስ ግማሹን እውነት ተናግሯል። አንባቢው ቴሌግራም ላይ ነው። ግን ኮሚክ ዜና አይደለም። ዜና የሚነበበው ከአዲሱ ነው፣ ኮሚክ ከገጽ 1 ነው። ገጽ 80 ላይ ስትደርሱ አንድ ሰው ቻናሉን ቢያገኘው ምን ያደርጋል? ወደ ላይ ሲጎትት፣ ሲጎትት፣ መሐል ላይ የበዓል መልካም ምኞት ያገኛል፣ ከዚያ ተስፋ ቆርጦ ይወጣል።

ለኮሚክ ሳይት የግድ የሚያስፈልጉት አራት ቁልፎች ናቸው። መጀመሪያ፣ ቀዳሚ፣ ቀጣይ፣ የመጨረሻ። በተጨማሪ ምዕራፎቹን የሚዘረዝር አንድ ማኅደር። ሌላው ሁሉ ጌጥ ነው። ብሎገርም የሚያስቸግረው እዚህ ላይ ነው። ነፃ ነው፣ በስልክ ይሠራል፣ የራስህን ዶሜይን ታያይዝበታለህ። ግን ለማስታወሻ ደብተር የተሠራ ስለሆነ አዲሱን ከላይ ይደረድራል። ማስተካከል ይቻላል፣ ግን ቴሙን (የሳይቱን መልክ የሚወስነውን) መጎርጎር ሊኖርብህ ነው።

ቴሌግራሙን አትተው። አዲስ ገጽ በወጣ ቁጥር አንዲት ፍሬም ቆርጠህ ከሊንኩ ጋር ለጥፍበት።

ሲፓነል (አዲስ አበባ፣ የአንኮበር ልጅ)

በዚህ ሥራ ነው እንጀራዬን የምበላው፣ ስለዚህ ትንሽ ላብራራ።

ዎርድፕረስ ሲባል ሁለት ነገር አለ። አንዱ ዎርድፕረስ ዶት ኮም ላይ በነፃ የምትከፍተው ነው። ለዚህ ሥራ አይሆንህም፣ በነፃው ላይ ፕለጊን (ሳይቱ ላይ የሚጨመር ማሟያ) አትጭንም። ሌላው ሶፍትዌሩን አውርደህ በራስህ ሆስቲንግ ላይ የምትጭነው ነው። እሱ ነው የሚፈለገው። በላዩ ላይ ቱቼኬ የሚባለውን ቴም ጫንበት። ለዌብኮሚክ ተብሎ የተሠራ ነው። አራቱን ቁልፎችም ያመጣልሃል፣ ወደ ታች የሚጎተተውን ረጅም ኮሚክም ይችላል። ኮሚክፕረስ የሚባለውን የቆየ ቴም የሚያወድሱ ጽሑፎች ታገኛለህ፣ እነሱ በዘመናቸው ልክ ነበሩ።

ሆስቲንጉን ከአገር ውስጥ ብትገዛ በብር ትከፍላለህ፣ በቴሌብር የሚቀበሉም አሉ። ከውጭ ብትገዛ ካርዱ አንድ ራስ ምታት ነው፣ ምንዛሬው ሌላ። ብሩ ሐምሌ 22 ቀን 2016 በገበያ እንዲወሰን ከተለቀቀ ወዲህ ዶላሩ ባይጨምርም በብር የምትከፍለው በጣም ጨምሯል። ከመክፈልህ በፊት ግን ሻጩን እነዚህን ጠይቀው። ባክአፕ በየስንት ጊዜ ይወሰዳል፣ እኔስ ራሴ ማውረድ እችላለሁ? ኤስኤስኤል (የሳይቱን ግንኙነት የሚቆልፈው) በነፃ ነው? ሲፓነሉ (የሆስቲንጉ መቆጣጠሪያ ገጽ) በእጄ ይገባል? ‹‹አታስብ፣ እኛ እናስተካክልልሃለን›› ካለህ ሌላ ቤት ሂድ።

የጣርማበር_ወያላ

ሲፓነል፣ እግዜር ይስጥህ። አንድ ነገር ልጨምር። እዚህ መብራትም ኔትወርክም እንደ ልብ አይደለም። ከነሐሴ 2015 ጀምሮ የሞባይል ዳታ ለወራት የጠፋበትን ጊዜ እዚህ ያለ ሰው አይረሳውም። ገጾቹን ቀድሜ ጭኜ በራሳቸው ጊዜ እንዲወጡ ማድረግ ይቻላል?

ሲፓነል

ዎርድፕረስን የምመርጥበት አንዱ ምክንያት ይሄ ነው። ኔትወርክ ባለ ቀን የሁለት ወር ገጽ ጭነህ ቀን ትቆርጥላቸዋለህ። አንተ ባትኖርም ይወጣሉ።

ሁለት ነገር ግን ልብ በል። አንደኛ፣ የጊዜ ክልሉን አዲስ አበባ አድርገው፣ ሰዓቱንም በፈረንጅ ቁጠር። ማታ 2 ሰዓት ማለት 20፡00 ነው። ሁለተኛ፣ ዎርድፕረስ ቀጠሮውን የሚያስታውሰው ሰው ሳይቱን ሲከፍት ነው። በቀጠሮው ሰዓት ማንም ካልገባ ገጹ እስከ መጀመሪያው እንግዳ ድረስ ይቆያል። ሲፓነል ውስጥ ክሮን ጆብ የሚል አለ። እሱን በየ15 ደቂቃው እንዲቀሰቅሰው አድርገህ እርሳው።

ጓሳ_ጭላዳ

ወንድማችን ሲፓነል የተናገረው ሁሉ ልክ ነው። ግን የዎርድፕረስን ሌላ ጎኑን አልነገረህም። ቤቱ ጠባቂ ይፈልጋል። ዎርድፕረሱ ይታደሳል፣ ቴሙ ይታደሳል፣ ፕለጊኑ ይታደሳል። ወራት ሳትገባ ብትቆይ አንድ ጠዋት ሳይትህ የቁማር ማስታወቂያ ሲያሳይ ታገኘዋለህ። ዳታ ለወራት የሚጠፋበት አገር ላለ ሰው ይሄ ቀላል ነገር አይደለም።

ስታቲክ ሳይት አስብበት። ዳታቤዝ የለው፣ የይለፍ ቃል ገጽ የለው፣ የተጻፈ ፋይል ብቻ ነው። የሚሰበር ነገር የለውም ማለት ይቻላል። ማስቀመጫውም ነፃ ነው።

ኒዮሲቲስ በ2013 እንደ ፈረንጆቹ የተከፈተ ነው። በነፃ 1 ጊጋ ቦታና በወር 200 ጊጋ ማስተላለፊያ (አንባቢዎች ሁሉ የሚያወርዱት ድምር) ይሰጣል። ሬርቢት የሚባል ለዌብኮሚክ የተዘጋጀ ነፃ ቴምፕሌት አለ። ኮድ የማታውቅ ብትሆንም የገጽ ቁጥር እየቀየርክ ትኖራለህ። የራስህን ዶሜይን ለማያያዝ ግን መክፈል አለብህ።

ጊትሀብ የሚባለው የኮድ ፋይል ማስቀመጫ የሚሰጠው ጊትሀብ ፔጅስም እንዲሁ 1 ጊጋ ነው፣ በወር ወደ 100 ጊጋ ማስተላለፊያ አለው፣ ዶሜይን በነፃ ያያይዛል። ኮሚክ ጊት የሚባለው መሣሪያ እዚያ ላይ ይሠራል። በነፃው አካውንት ግን ማስቀመጫው ለሁሉም ክፍት መሆን አለበት። የሚቀጥለውን ወር ገጽ ቀድመህ ከጫንክ፣ ትንሽ የነቃ አንባቢ ገብቶ መጨረሻውን አንብቦ ቻናልህ ላይ ይተፋዋል። የንግድ ሱቅ ማድረግም አይፈቀድም።

እኔ የምጠቀመው ሦስተኛውን ነው። ማስቀመጫውን ጊትሀብ ላይ ዝግ አድርጌ፣ ሳይቱን ክላውድፍሌር ፔጅስ ያወጣዋል። የማስተላለፊያ ገደብ የለውም። ገጾቹን የሚገጣጥምልኝ ሁጎ የሚባል ፕሮግራም ነው። ሁጎ ቀኑ ያልደረሰ ገጽ ሳትነግረው አያወጣም። በየቀኑ አንዴ እንደገና እንዲገጣጥም ካዘዝኩት ቀጠሮው ተከበረ ማለት ነው።

ሲፓነል

ሃሃሃ፣ ‹‹ኮድ ካልጻፍክ ሳይት አይባልም›› ያለህ ሰው ተገኘ!

ጓሳ፣ እውነቱን ንገረው። ሁጎን ከታብሌት ለማስኬድ ስንት ቀን ነው ጸጉር የሚነጨው? ላፕቶፑ የሞተ ቀን ልጁ ምን ያደርጋል? ዎርድፕረስን በስልክ አፕ ትለጥፍበታለህ።

ጓሳ_ጭላዳ

ላፕቶፑ የሞተ ቀን ጊትሀብን በስልክ ብሮውዘር ከፍቼ አንድ ሥዕልና አንድ የጽሑፍ ፋይል እጨምራለሁ። ግንባታው እዚያው ደመናው ላይ ነው የሚካሄደው፣ የኔን ላፕቶፕ አይጠይቅም። የመጀመሪያው ተከላ ግን ጸጉር ያስነጫል፣ አልክድም።

ሮቢት_ላይ_ነኝ (ሸዋ ሮቢት)

ለምን ትደክማላችሁ? ዌብቱን አለ፣ ታፓስ አለ፣ ኮሚክፉሪ አለ። ሁሉም ነፃ፣ ሁሉም ለኮሚክ የተሠራ። ቁልፎቹ ተሰናድተው ይጠብቋችኋል። አንባቢም አላቸው።

ጓሳ_ጭላዳ

አንባቢ አላቸው፣ የአማርኛ አንባቢ ግን እዚያ ሲዞር አታገኘውም። የውጭ አንባቢ ካሰባችሁ የእንግሊዝኛውን ትርጉም እዚያ ማውጣት ጥሩ ሐሳብ ነው። ብቸኛ ቤት ማድረጉን ግን አልደግፍም። የሰው ወርቅ አያደምቅ ነው። ስማክ ጂቭስ የሚባል ነፃ የኮሚክ ቤት ነበር። እንደ ፈረንጆቹ ከ2005 ጀምሮ ስንቱ ሠዓሊ ዕድሜውን ያፈሰሰበት። በ2020 መጨረሻ ተዘጋ። ዋናውን ፋይል ያላስቀመጠ ሰው ሥራው አብሮት ሄደ። ሥዕሉ ቢኖረው እንኳ አንባቢ ያስቀመጠው ሊንክ ሁሉ ሞተ።

ለዚህ ነው ሆስቲንግ ከምትመርጡ ዶሜይን አስቀድሙ የምለው። ሆስቲንጉን ብትቀያይሩ አድራሻው አንድ ከሆነ አንባቢው ምንም አያውቅም።

ብርድ_ልብስ

ዶሜይን ካነሳችሁ እኔም ቁስሌን ልናገር። ከዓመታት በፊት የግጥም ሳይት ነበረኝ። የሠራልኝ ልጅ ዶሜይኑን የመዘገበው በራሱ ስምና በራሱ ኢሜይል ነው። ማሳደሻው ሲደርስ ስልኩ ዝግ ነው። ሻጩን ብጠይቅ ‹‹በእርስዎ ስም የተመዘገበ ነገር የለም›› አለኝ፣ እውነቱን ነው። አሁን በዚያ አድራሻ የጫማ ማስታወቂያ አለ። ቴሌግራም ቴሌግራም የምለው ወድጄ አይደለም።

ሲፓነል

አይዞህ ወንድሜ። ይሄ ነገር እጅግ የተለመደ ነው፣ ለአብዛኛው ደንበኛ የምነግረው የመጀመሪያው ነገር እሱ ነው። ዶሜይኑ በራሳችሁ ስም፣ በራሳችሁ ኢሜይል፣ የይለፍ ቃሉም እናንተ ጋ ይሁን። ሆስቲንጉን ከሸጠላችሁ ድርጅት ለይታችሁ ብትገዙት ደግሞ የተሻለ ነው፣ ስትጣሉ አድራሻውን ይዛችሁ ትወጣላችሁ። ዶት ኮም በዓመት ከ10 እስከ 15 ዶላር አካባቢ ነው። የአገር ውስጥ ሻጮች በብር ያስመዘግቡላችኋል።

ቀለም_በጥብጤ (ደብረ ብርሃን)

ሰላም። የወያላው እህት ነኝ፣ ሥዕሉን የምሠራው። ወንድሜ ስለ ሆስቲንግ ብቻ ጠይቆ ዝም አለ፣ የኔን ጥያቄ ማን ይጠይቅልኝ! በገጽ ልሥራ ወይስ እንደ ዌብቱን ወደ ታች የሚወርድ? መጠኑስ? አሁን ታብሌቷ የምታወጣልኝ ፒኤንጂ አንዷ ገጽ 2 ሜጋ ናት።

ጓሳ_ጭላዳ

እህቴ፣ ከሁላችን የተሻለውን ጥያቄ አንቺ አመጣሽ። የቱም ሆስቲንግ ቢሆን የሚከብደው በሥዕሉ ክብደት ነው።

ሒሳቡን እይው። ገጹ 2 ሜጋ ከሆነ 1 ጊጋ ላይ 500 ገጽ ይገባል። በሳምንት ሁለት ብትለቁ አምስት ዓመት አይሞላም። ወደ 250 ኪሎባይት ብታወርጅው 4000 ገጽ ይገባል፣ ከዚያ በኋላ ልጆችሽ ይቀጥሉበት። የ100 ጊጋው ማስተላለፊያም እንዲሁ ነው። በ2 ሜጋ 50,000 ጊዜ ይከፈታል፣ በ250 ኪሎባይት 400,000 ጊዜ።

ግን ከኛ በላይ የሚጎዳው አንባቢው ነው። 24 ገጽ በ2 ሜጋ ማለት 48 ሜጋ ነው። የ100 ሜጋ ፓኬጅ የገዛ ተማሪ አንድ ምዕራፍ አንብቦ ግማሹ አለቀበት። በትንሹ ከሆነ 6 ሜጋ ነው።

ስለዚህ ዋናውን በትልቁ ሣዪ፣ ለማኅተም ይሆንሻል። ለሳይቱ የሚወጣው ስፋቱ 800 ፒክስል ይሁን፣ ዓይነቱ ዌብፒ (ክብደቱ የሚያንስ የሥዕል ፋይል)። ጥራቱን 80 አካባቢ አድርገሽ በዓይንሽ እይው። አይቢስ ዌብፒ ካላወጣልሽ ስኩዎሽ የሚባል ሳይት አለ፣ ብሮውዘር ውስጥ ይቀይርልሻል።

ቅርጹን በተመለከተ፣ በስልክ ከሆነ ወደ ታች የሚወርደው ይመቻል።

ሲፓነል

እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ፣ ብዙ ሰው ይወድቅበታል። ዎርድፕረስ እንደ ፈረንጆቹ በ2019 ከወጣው እትም 5.3 ጀምሮ በወርድም ሆነ በቁመት ከ2560 ፒክስል የሚበልጥ ጄፔግ ሲጫንበት ራሱ ያሳንሰዋል። ቁመቱ 10,000 የሆነ ረጅም ሥዕል ብትጭኚ ቁመቱን 2560 ሲያደርገው ስፋቱ ከ800 ወደ 205 ይወርዳል። ጽሑፉ ጉንዳን ይመስላል። ሰው ‹‹ሆስቲንጉ ጥራቱን ቀነሰብኝ›› እያለ ሲሳደብ ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ። ቆራርጠሽ ጫኚው። እያንዳንዱ ቁራጭ ከ2000 ባይበልጥ ጥሩ ነው። የምትቆርጭው ደግሞ በፍሬሞቹ መካከል ባለው ባዶ ቦታ ላይ ይሁን፣ ፊት መሐል ለመሐል እንዳይሰነጠቅ።

የቀድሞ_መምህር (አንኮበር)

ልጆቼ፣ እንደምን አላችሁ። የሥዕል መምህር ነበርኩ፣ አሁን ጡረታ ላይ ነኝ። ስለ ሆስቲንጉ እናንተ ታውቃላችሁ። ስለ ፊደሉ ግን ጥቂት ልበል።

ታሪክን በፍሬም እየከፈሉ መንገር ለእኛ አዲስ አይደለም። የንግሥተ ሳባንና የሰሎሞንን ታሪክ በ44 ክፍል የሚያሳየውን ሥዕል ሁላችሁም አይታችኋል። ረድፍ በረድፍ ይነበባል፣ ከየሥዕሉ ሥር ጽሑፍ አለው። የሥዕሉ ሰዎች ምንም ብዙ ቢሆኑ ጽሑፉ ይነበባል። በዛሬ ልጆች ሥራ የማየው ችግር ተቃራኒው ነው። ሥዕሉ ያምራል፣ ጽሑፉ አይነበብም።

‹‹ቢ›› እና ‹‹ቤ›› የሚለዩት እግራቸው ላይ ባለች አንዲት ቀለበት ነው። ፊደሉ ሲያንስ ቀለበቷ ትደፈንና ሁለቱ አንድ ይሆናሉ። ‹‹ሊ›› እና ‹‹ሌ››፣ ‹‹ኒ›› እና ‹‹ኔ›› እንዲሁ። ፈረንጆቹ ኮሚካቸውን በትልቁ ፊደል ብቻ ስለሚጽፉት ይህ ችግር የለባቸውም። የእኛ ፊደል ትልቅና ትንሽ የለውም፣ ሁሉም በአንድ ልክ ነው። ስለዚህ ጩኸት ሲሆን ፊደሉን አወፍሩት ወይም አግዝፉት። ማጋደሉን ተዉት፣ አያምርበትም።

ቃላችንም ረጅም ነው። ‹‹እንዳልነገርኳችሁ›› የሚለውን ቀጭን የንግግር ፊኛ ውስጥ ክተቱ ቢባል የት ይቆረጣል? ፊኛውን ሰፋ አድርጋችሁ ሥሩ፣ ንግግሩን አሳጥሩ።

ቀለም_በጥብጤ

መምህር፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ‹‹ቤ››ዎቹን አሁን ስልኬ ላይ አየኋቸው፣ እውነትም ተደፍነዋል። ሁለተኛው ገጽ ላይ ‹‹ቤቱ›› ያልኩት ‹‹ቢቱ›› ሆኖ ይነበባል። የትኛውን ፎንት ይመክሩኛል? አሁን የምጠቀመው ከአንድ ጓደኛዬ ያገኘሁትን ነው።

የቀድሞ_መምህር

ልጄ፣ ፎንቱን ለልጆቹ እተዋለሁ። እኔ በቀለም ብዕር ነው የማውቀው። በእጅሽ ብትጽፊው ግን ከሁሉም ያምራል።

ሲፓነል

መምህር ልክ ናቸው፣ ግን በእጅ ከተጻፈ እርማትም ትርጉምም ይከብዳል። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን አውርጂ። ነፃ ነው፣ ለኅትመትም ለሽያጭም ይፈቀዳል፣ ከቀጭን እስከ በጣም ወፍራም 9 ውፍረት አለው። መምህር ያሉት ጩኸት በእሱ ይሠራል። አይቢስ ላይ ከውጭ ማስገባት ይቻላል። ለተራኪው ድምፅ አቢሲኒካ ኤስአይኤል ያምራል፣ ግን ውፍረቱ አንድ ብቻ ነው። ከጓደኛ የተገኘው ፎንት የድሮ ከሆነና ዩኒኮድ (ፊደሉ በየመሣሪያው አንድ ዓይነት የሚነበብበት አሠራር) ካልሆነ ጽሑፉ ሌላ መሣሪያ ላይ ሲከፈት የላቲን ድብልቅልቅ ይሆናል።

በ800 ስፋት ላይ ከ30 ፒክስል ያነሰ ፊደል አትጻፊ። ጽሑፉንም ሁልጊዜ በራሱ ሌየር (ንብርብር) ላይ አቆዪው።

ጓሳ_ጭላዳ

እኔ የምጨምረው፣ የፋይል ስም በግዕዝ ፊደል አትስጡ። ሊንኩ ኮፒ ሲደረግ እያንዳንዷ ፊደል ዘጠኝ ምልክት ትሆናለች። ‹‹ጣርማበር›› ያላችሁት ቴሌግራም ላይ 45 የፐርሰንትና የቁጥር ዝባዝንኬ ሆኖ ይወጣል። 001፣ 002 እያላችሁ በቁጥር ሰይሙ። ዜሮዎቹን አትርሱ፣ አለዚያ 10 ከ2 በፊት ይሰለፋል።

ጉግል ግን ሥዕል ላይ ያለ ጽሑፍ እንዲያነብላችሁ አትጠብቁ። ከየገጹ ሥር የንግግሩን ጽሑፍ በአማርኛ አስቀምጡ። ማየት የተሳነውም ሰው በስልኩ ይሰማዋል። ከሥዕሉ ግርጌ ደግሞ የሳይታችሁን አድራሻ በትንሹ ጻፉበት። ገጹ ተቆርጦ በየግሩፑ መዞሩ አይቀርም፣ ቢያንስ አድራሻውን ይዞ ይዙር።

የጣርማበር_ወያላ

ኧረ ሰዎች፣ ይሄ ሁሉ በአንድ ሌሊት! መምህር፣ እርስዎን በተለይ እናመሰግናለን።

ከእህቴ ጋር ተነጋግረን እንዲህ ወስነናል። ዶሜይኑን ዛሬ ከአገር ውስጥ ሻጭ በእሷ ስም እናስመዘግባለን። ሳይቱ ጓሳ እንዳለው ክላውድፍሌር ላይ ይሁን፣ ለሆስቲንግ የምንከፍለው ነገር ስለሌለ ብሩ ለዳታ ይተርፈናል። ሲፓነል አትቀየመኝ፣ ማሳደሱን ነው የፈራሁት። ጓሳ፣ መጀመሪያ ስንተክለው በቴሌግራም ትረዳኛለህ?

አንድ የቀረኝ ጥያቄ፣ ታብሌቱ ቢሰረቅ ወይም ቢወድቅስ?

ጓሳ_ጭላዳ

እሺ፣ ቅዳሜ ከገበያ መልስ እደውልልሃለሁ። እስከዚያ የጊትሀብ አካውንት ክፈት፣ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫውን አብራ። የምትጠፋ ሲም ላይ እንዳታስረው፣ የመጠባበቂያ ቁጥሮቹን ወረቀት ላይ ጻፋቸው።

ጊትሀቡ ላይ የሚቀመጠው ትንሹ ዌብፒ ብቻ ነው። ባለ ሌየሩ ዋናው ፋይል በየሳምንቱ ወደ ላፕቶፑ፣ ከዚያ ወደ አንድ ሃርድ ዲስክ ይገልበጥ። ሃርድ ዲስኩ ሌላ ቤት ይደር። ሌባ ከመጣ ላፕቶፑንም ታብሌቱንም አብሮ ነው የሚወስደው።

ሲፓነል

አልቀየምም ባክህ። ስትታክት ዎርድፕረሱ አይጠፋም።

ብርድ_ልብስ

የቻናሉን ሊንክ እዚሁ ጣሉት። ሳይቱንም እሞክረዋለሁ፣ 6 ሜጋ ከሆነ አይከብደኝም።